ነጠላ የለበሰ ሣጥን

ቼሎ የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ አትፈሩ፤ እኔም ሃያ ዓመት እስኪሞላኝ አላየሁም ነበር። የቫዮሊን ታላቅ ወንድም በሉት። ተቀምጠው በሁለት ጉልበት መካከል ይይዙታል፤ አራት ወፋፍራም አውታሮች አሉት፤ በደጋን ይመታል። ድምፁ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ነው፤ ሲጫወቱት ደረት አብሮ ይነዝራል። ሲጓጓዝ የሚገባበት ጥቁር የእንጨት ሣጥን ደግሞ የሰው ቁመት ሊያህል ትንሽ ይቀረዋል። ይህን ሣጥን ልብ በሉልኝ። ሕይወቴን ያበላሸው እሱ ነው እላለሁ አንዳንድ ቀን። ውሸቴን ነው፤ ያበላሸው አፌ ነው፤ መከፈት ባለበት ሰዓት ተዘግቶ።

ሲሳይ እባላለሁ። የተወለድኩት ሰቆጣ ዙሪያ፣ ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች ደብር ነው። አባቴ መሪጌታ ኪሮስ የደብሩ የዜማ መምህር ነበሩ። ዜማ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ድምፅ ስስት አይቆጡም፣ አይናገሩም፤ በያዙት መቋሚያ ጫፍ ትከሻዬን ነካ ያደርጉና ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። አንዳንድ ቀን አንዱን መስመር ፀሐይ እስክትጠልቅ እደግመዋለሁ። ይህ ጆሮ ከዚያ የመጣ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ምስጋናው ዜማውም እርሻውም አልሆንለት ብሎ ወታደር ቤት ገባ። ከኦጋዴን በኩል ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ዝም አለ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። እናቴ በሦስተኛው ዓመት እንደጠበቀችው ሞተች። አባቴ ግን ማዘንም መጠበቅም አቃታቸው። ለጠፋው ልጃቸው ፍትሐት እንዲደረግለት ቢጠይቁ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ወልዱ፣ "መሞቱን ሳናውቅ እንዴት አድርገን? ሕያው ቢሆንስ?" አሏቸው። እውነታቸውን ነበር።

"ለሞተ ጸሎት አለው፤ በሕይወት ላለ መጠበቅ አለ፤ እኔ ልጄን ወዴት ልመድበው?" ይሉ ነበር አባቴ፤ ቀን በቀን፤ ለሰማቸውም ላልሰማቸውም።

በመጨረሻ እኔን ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። ደጃፉ ላይ ቆመው ያሉኝን ቃል ዛሬም አልረሳሁትም።

"ወንድምህን ወይ በእግሩ ወይ በአጥንቱ ሳታመጣ ወደዚህ ደጅ እንዳትመለስ።"

በእኛ አገር ሰው በሩቅ ምድር ከሞተ፣ ዘመድ ያለው እንደሆነ፣ ከጊዜ በኋላ አጥንቱ ተለቅሞ በሣጥን ይመጣና በተወለደበት ደብር ያርፋል። አባቴ ያሉት ይህንን ነው። የማይሆን ነገር አልጠየቁኝም።

ፈለግሁት። በየጦር ሰፈሩ በር ቆሜያለሁ። "በሟቾቹም በሕይወት ባሉትም መዝገብ የለም" ይሉኛል። ይህ እንዴት እንደሚሆን የነገረኝ ሰው የለም። ለእንጀራዬ ብዬ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በጽዳት ተቀጠርኩ። ወለል እየወለወልኩ የልጅነት ዜማዬን ሳንጎራጉር አንድ ሽማግሌ የውጭ አገር መምህር ሰማኝ። ሁላችንም "ሙሴ" ነበር የምንለው። ፒያኖው ላይ አንድ ድምፅ መታና "በል" አለኝ። አልኩ። ሌላ መታ፤ አልኩ። ሦስት ድምፅ አንድ ላይ መታ፤ ሦስቱንም ለየሁለት።

"ይህንን ጆሮ ማን ሠራው?" አለኝ በተሰባበረ አማርኛ።

"አባቴ" አልኩት።

መጥረጊያውን አስቀምጬ ቼሎ ያዝኩ። ከአራት ዓመት በላይ ከእጄ አልወረደም። ኦርኬስትራው ውስጥ ገባሁ፤ በጥቁር ሱፍና በክራባት በትላልቅ ሰዎች ፊት ተጫወትኩ። ለአባቴ ግን "የመንግሥት መምህር ሆኛለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ምን ልበል? በእኛ ሰፈር አውታር ያለው ነገር የሚመታ ሰው አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ አዝማሪ። የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነ ከሚባል የመሪጌታ ልጅ ጠፋ ቢባል ይሻላል። አንዱ አስቀድሞ ጠፍቷል።

ከዚያ ትልቁ ዕድል መጣ። ቪየና ሄዶ አምስት ዓመት ለመማር አንድ ቦታ ተገኘ። ፈታኙ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል፤ ሙሴ "ያንተ ነው፤ ካላበላሸኸው" አለኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር ልቤን ያዘው። የአባቴ ዓይን እየጠፋ መሆኑን ሰምቻለሁ። አምስት ዓመት ቆይቼ ብመለስ አላገኛቸውም። ጆሮዬን የሠሩት እሳቸው ሳይሰሙኝ የቪየና ሰው ቢሰማኝ ምን ዋጋ አለው? ወንድሜን ባልይዝም እሄዳለሁ፤ ስድቡንም እቀበላለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙኝና "ይሁን" ይበሉኝ አልኩ። ምርቃታቸውን ፈለግሁ። ሙሴ ልምምዱ እንዳይቋረጥ መሣሪያውን ይዤ እንድሄድ ፈቀደልኝ፤ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ በራሱ ፊርማ አወጣልኝ። "ፀሐይ እንዳይነካው፤ ሙጫው ይለቃል። ከዓይንህ እንዳይጠፋ" አለኝ።

ኮረም ድረስ በጭነት መኪና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በእግር ሁለት ቀን ተኩል ነው። በቅሎ ተከራየሁ። በቅሎዋ ሣጥኑን ገና ከሩቅ ስታይ ጆሮዋን አጥፋ አሻፈረኝ አለች። ኋላ ሳስበው ከሁላችንም አስተዋይዋ እሷ ነበረች። ከገበያ ወደ እኛ አገር ወደ ዋግ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች አገኘሁ፤ ትልቁ ገብሬ፣ ትንሹ ሐጎስ ይባላሉ። "በቃሬዛ እናደርስልሃለን" አሉ። ገብሬ የሣጥኑን አንድ ጫፍ ብድግ አድርጎ መዘነው።

"ቀላል ነው" አለ። "ምንድን ነው ወንድሜ?"

እንግዲህ አፌ መከፈት የነበረበት ሰዓት ይህ ነበር። ገበያው ሙሉ ነው። ካህናት አሉ፤ አባቴን የሚያውቁ ይኖራሉ። "የሙዚቃ መሣሪያ ነው" ማለት አቃተኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

"ለአባቴ የማደርሰው አደራ ነው" አልኩ።

"አባትህ ማን ይባላሉ?"

"መሪጌታ ኪሮስ።"

ገብሬ ጫፉን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። ራሱ ላይ የጠመጠመውን አወረደ። ሣጥኑን አየ፤ እኔን አየ። ለሐጎስ በአገሩ ቋንቋ በኸምጣኛ አንድ ሁለት ቃል በጆሮው ነገረው፤ አልሰማሁትም። ስለ ዋጋ ላነሣ ስል እጁን አወዛወዘ።

"ለዚህማ ዋጋ አንቀበልም። ነውር ነው።"

ደስ አለኝ። የአገሬ ሰው እንዴት ደግ ነው አልኩ! አምስት ዓመት ከተማ ኖሬ ረስቼው ነበር ለካ።

ሙሴ ያለኝን አልዘነጋሁም። ጥቁር ሣጥን ፀሐይ ይስባል፤ ስለዚህ ነጠላዬን አውጥቼ ሣጥኑን ከራስ እስከ ግርጌ አለበስኩት። ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ፣ "አደራችሁን ቀስ! እንዳይነካካብኝ! ድንጋዩን ተጠንቀቁ!" እያልኩ ሄድኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአገሩ ሁሉ ቼሎ እሱ ብቻ የሆነ ያህል ነበር የምፈራለት።

መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ሸክሙን ያወርዳል። ይቆማል። ራሱን ገልጦ ይጎነበሳል። ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገር ከቃሬዛው ሥር ገብቶ ትከሻውን ይሰጣል፤ አንድ ዳገት ያወጣና ለሌላው ይለቃል። ጨው የጫነ ነጋዴ አህዮቹን ሜዳ ላይ ትቶ ተሸከመ። እኔን ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ቀና ብሎ እንኳ የሚያየኝ የለም። የሆነ ነገር ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ድካምም አለ፣ ፀሐይም አለ፤ ሰው ደግሞ ማወቅ የማይፈልገውን ነገር ቶሎ አይገባውም።

የመጀመሪያው ቀን ማደሪያችን የገብሬ ዘመድ ቤት ነበር። ሰውዬው ሣጥኑን ሲያይ፣ "ይኸማ ኸቤት አይገባም፤ ኸደጀ ሰላሙ ይደር" አለና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። ከሌባ ይጠበቃል ብዬ እፎይ አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ጸላሪ ወንዝ ላይ አንድ ቄስ አገኙን። መስቀላቸውን አውጥተው ሣጥኑን ባረኩ፤ በግዕዝ ጸለዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

"እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ። ስላመጣኸው ዋጋህን አታጣም። ወንድምን በባዕድ አፈር አለመተው ትልቅ ነገር ነው።"

እንግዲህ ያልገባኝ ነበር ብላችሁ ለእኔ አትማልዱልኝ። እዚያ ቦታ ላይ፣ እግሬ ውኃ ውስጥ እንዳለ፣ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሣጥኑ፣ ነጠላው፣ ቃሬዛው፣ ጸጥታው። ሰዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ የወንድሜን አጥንት ነው የተሸከሙት።

"አሜን" አልኩ።

ለምን አሜን አልክ በሉኝ። ወደ ኋላ ዘወር አልኩ፤ አሥር የሚያህል ሰው ራሱን ገልጦ ቆሟል። ሐጎስ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ምስጋናውን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ለእነዚህ ሰዎች፣ "የተሸከማችሁት መሰንቆ ቢጤ ነው" ልበል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በመረጥኩ። በሆዴ፣ ከሰፈራችን በላይ ያለው ጋራ ላይ ስንደርስ አመስግኜ አሰናብታቸዋለሁ አልኩ፤ መንገደኛ ናቸው፤ ዳግመኛ አንገናኝም፤ አባቴ ምንም ሳይሰሙ ያልፋል። ያላወቅሁት አንድ ነገር ነበር። ኮረም ገበያ ላይ ያየን አንድ በበቅሎ የሚሄድ ነጋዴ ቀድሞን ሰቆጣ ገብቶ ወሬውን አድርሷል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋራው ላይ ወጣን። ታች የደብራችን ደወል ይደወላል፤ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ይቆያል፤ እንደገና አንድ ጊዜ ይመታል።

"ማን ሞቶ ይሆን?" አልኩ።

ገብሬ ወደ እኔ ዘወር አለ። አዝኖልኝ አየኝ፤ ሐዘን አእምሮውን ነክቶታል ያለ ይመስለኛል።

ቁልቁል ስንወርድ ጥላው ታየ፤ ሦስት የካህናት ጥላ። ከኋላው ሕዝቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከሁሉ ፊት አባቴ፣ በአክስቴ በእትዬ ለተብርሃን ክንድ እየተመሩ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዓይናቸው ከሰማሁት በላይ ጠፍቷል። እትዬ ለተብርሃን፣ "ምስጋናውዬ! ወንድምህ አዝሎህ መጣህልኝ!" ብላ ስትጮህ ጋራው መልሶ ጮኸ።

ሮጬ ሄድኩ። አባቴ እግር ላይ ወደቅሁ።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ፤ ሲሳይ ነኝ። ይስሙኝ፣ ይህ ሣጥን..."

"ዝም በል" አሉኝ። በእጃቸው ፊቴን ዳሰሱት፤ አምስት ዓመት ምን እንዳደረገኝ በጣታቸው አነበቡት። "ዝም በል ልጄ። እንዴት እንዳገኘኸው በኋላ ትነግረኛለህ። መጀመሪያ እሱ ይረፍ። ደክሞታል።"

ሣጥኑ ዘንድ ሄዱ። ነጠላውን ገለጥ አድርገው ከአናት እስከ ግርጌ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ግንባራቸውን አስደገፉበት። ከዚያ አባቴ ያደረጉትን ነገር ለመጻፍ እስካሁንም እጄ እሺ አይለኝም። ሳቁ። እንባቸው እየወረደ ሳቁ፤ የከበደ ሸክም አውርዶ እንደሚቀመጥ ሰው ረዥም ትንፋሽ አወጡ።

"እንኳን መጣህ" አሉት። "እናትህ ቀድማሃለች፤ ከጎኗ ቆፍረንልሃል።"

እኔ ጎናቸው ቆሜያለሁ። ይህንን የመሰለ ፊት እናቴ ከሞተች በኋላ አይቼባቸው አላውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተመደበው ልጅ ዛሬ ተመድቧል። እኔ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ያ ፊት ይፈርሳል፤ ያውም ሕዝብ በተሰበሰበበት። ባልናገር የእኔ ቪየና፣ የእኔ አምስት ዓመት፣ የሙሴ ፊርማ ጉድጓድ ይገባል። ላስበው የነበረኝ ጊዜ ከጋራው ሥር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ነበር። ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።

በሩ ላይ ቄስ ወልዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ለጸሎቱ የክርስትና ስሙን ንገረኝ፤ ዘነጋሁት።"

ለእሳቸው እንኳ ልናገር እችል ነበር። ሹክ ብላቸው ያስቆሙት ነበር። አፌን ከፈትኩ።

"ወልደ ሚካኤል" አልኳቸው።

ፍትሐቱ ተጀመረ። ነፍሱን ይማር ዘንድ በስሙ ተጸለየ። ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ እንባዬን ያየ ሁሉ ለወንድሜ ያለቀስኩ መሰለው። ለቼሎው ነበር የማለቅሰው፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ የሚያየኝ መሰለኝ። ሳወጣው ሳስገባው ምን ጊዜም የግራ እጄን ጣት የማሳርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ለቆ ነበር፤ ያ ቦታ ትዝ አለኝ።

ጉድጓዱ ከእናቴ መቃብር ጎን ነው። አራት ሰዎች በገመድ ሣጥኑን አወረዱ። ሊደርስ ክንድ ያህል ሲቀረው የአንዱ ገመድ አመለጠው። ሣጥኑ ግርጌው በኩል ድንጋይ ላይ ወደቀ።

ድምፅ ወጣ።

የወፍራሙ አውታር ድምፅ ነው። የታፈነ፣ ረዥም፣ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ። የሴቶቹ ለቅሶ ቀጥ አለ። ሐጎስ አማተበ። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ፤ እኔ ግን እስኪያልቅ ድረስ ሰማሁት፤ ከእኔ ሌላም እስኪያልቅ የሰማው አንድ ሰው ነበር። አባቴ እጃቸውን አንሥተዋል። ጆሯቸውን ወደ ጉድጓዱ አዘንብለው ቆመዋል። ስስት እንዲህ ነበር የሚቆሙት፤ መቋሚያው ትከሻዬን ሊነካ ሲል። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዘወር አሉ። በማያይ ዓይናቸው አዩኝ።

ሞቴን ጠበቅሁ። "አውጡት" የሚሉ መሰለኝ። ደግሞም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲሉ ተመኘሁ።

"አፈሩን መልሱ" አሉ አባቴ።

መለሱት። ሕዝቡ ሲበተን፣ "የመሪጌታ ልጅ አጥንቱ አዜመ" ይባባል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ከቤቱ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጠሩኝ። ሌላውን ሰው ገለል አሰኙ።

"ስንት ነው አውታሩ?" አሉኝ።

ሥራቸው ቁጭ አልኩ።

"አራት።"

"ትናንት የሰማሁት ወፍራሙን ነው።"

"አዎ።"

"በጣት ነው በደጋን?"

"በደጋን።"

"እንደ መሰንቆ።"

"እንደ መሰንቆ፣ አባዬ።"

መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። አዝማሪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላሉም። "ጥሩ ድምፅ አለው" አሉ። "ወንድምህስ?"

"አላገኘሁትም። ከሞቱትም ካሉትም የለም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲጀመርም ያወቁት ይመስላል።

"ታዲያ ለምን አላስቆሙም?" አልኩ። ድምፄ ቁጣ ነበረበት። "ሰምተዋል እኮ!"

"ሰምቻለሁ። ግን ፍትሐቱ ደርሶ ነበር። በስሙ ተጸልዮለት ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ስሙን ግን ሰምቷል። ስምንት ዓመት ስለምነው የኖርኩት ይኸን ነው። እንዴት አድርጌ ከጉድጓድ ልመልሰው? ሁለተኛ ልጠብቀው?" እጃቸው ፈለገኝና ራሴን አገኘ። "አንተ ግን በሕይወት አለህ። አሁን ስማኝ። እንጀራህ ከሆነ፣ የግድ የሚያስፈልግህ ከሆነ ንገረኝ። ሕዝቡን ሰብስቤ እውነቱን እናገራለሁ፤ ይወጣልሃል። ውርደቱ የእኔ ነው፤ ዕድሜዬ አልቋል። እንጨት ነው አይደል? ሌላ ያበጁልሃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሌላ ይሰጡሃል?"

ምን እንደጠየቁኝ በደንብ ገብቶኝ ነበር። አንድ "አይሰጡኝም" ብቻ ይበቃል። በሩ ተከፍቶልኛል፤ በገዛ እጃቸው ከፍተውልኛል። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። በትናንትናው ሌሊት ተኝተዋል። እትዬ ለተብርሃን፣ "ሳይነቃ አደረ፤ ስንት ዓመቱ" ብላኛለች።

"ይሰጡኛል፣ አባዬ" አልኩ። "ሌላ ሞልቷል።"

"እንግዲያስ ይሁን" አሉ። ተነሥተው መረቁኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረዥም ምርቃት መረቁኝ፤ እጅህ ይባረክ፣ የያዝከው ይስመርልህ አሉኝ። የመጣሁበትን ነገር አገኘሁ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ለሙሴ "ገደል ገባ" አልኩት። "ስብርባሪውስ? አንድ ቁራጭ እንኳ?" አለ። ለእሱም እውነቱን ልነግረው አፈርኩ፤ ያኛው አፍ እዚህም ተዘጋ። በፊርማው ምክንያት ብዙ ተንገላታ። ለእኔ የሚሆን ሌላ ቼሎ በትምህርት ቤቱ አልነበረም። ፈታኙ መጥቶ ሄደ፤ ቪየና ሌላ ልጅ ሄደ፤ ኦርኬስትራውም አሰናበተኝ። ከወራት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ። እስካሁንም የምኖረው በዚያ ነው፤ የሰው ፋይል አወጣለሁ፣ የሰው ፋይል አስገባለሁ።

ይህንን የምታነቡ ሰዎች ሁለት ዓይነት ፍርድ እንደምትሰጡኝ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ "ለአባቱ ሕይወቱን ሰጠ" ትሉኝ ይሆናል። እባካችሁ አትበሉኝ። መስጠት የሚባለው አስበው ሲያደርጉት ነው፤ እኔ ኮረም ላይ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ጸላሪ ላይ ፈርቼ አሜን አልኩ፤ የተረፈው ራሱ ተንከባልሎ መጣ። የእኔ የሆነች አንዲት ቃል ብትኖር "ይሰጡኛል" ያልኳት ናት። በእሷም ቢሆን ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ። አባቴን ስንት ጊዜ በሆዴ ተጣልቻቸዋለሁ፤ ሰምተው አፈሩን መልሱ ያሉት እሳቸው አይደሉም? ከዚያ ደግሞ ያን ረዥም ትንፋሻቸውን አስበውና እተወዋለሁ። በማግስቱ እንደገና እናደዳለሁ። እንዲህ ነው የምኖረው። ልመክራችሁ የምችለው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የምትሸከሙት ምን እንደሆነ ሰው ከጠየቃችሁ ስሙን ጥሩ። ቢያሳፍራችሁም ጥሩ። የምናፍርበትን ነገር እኛ ካልጠራነው ሌላው የራሱን ስም ያወጣለታል።

የቀረችኝን ልንገራችሁና ላብቃ።

አባቴ በየሁለት በየሦስት ወሩ በዲያቆን እያስጻፉ ደብዳቤ ይልኩልኝ ጀመር፤ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ ይጽፋሉ፤ ምስጋናውን አያነሡም፤ አርፏል። ሁል ጊዜ ግን መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ "ሌላውን ሰጡህ ወይ?" "ሰጡኝ" ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው፣ "ድምፁ እንደ ፊተኛው ነው?" "ይበልጣል" አልኩ። "በማን ፊት ተጫወትክ?" ይላሉ። መዝገብ ቤት ተቀምጬ፣ የተጫወትኩባቸውን አዳራሾች፣ የተጨበጨበልኝን ጭብጨባ እፈጥር ነበር። ዲያቆኑ ሲያነብላቸው ፈገግ እያሉ ይሰሙ ነበር አሉ። ለሰፈሩም፣ "ልጄ አውታር ይመታል" ብለው በገሃድ ተናገሩ፤ ሳያፍሩ።

ዝናቡ በቀረ በሁለተኛው ዓመት የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ። "እህሉ አልሆነም፤ እኔም ደክሜአለሁ። ዓይኔ ሙሉ በሙሉ ሄዷል፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ሳልሞት ልስማህ። አዲሱን ይዘኸው ና" ይላል።

ባዶ እጄን ብሄድ ያውቃሉ። ያወቁ ቀን ደግሞ ያ እንቅልፋቸው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ "ለፋሲካ" ብዬ ጻፍኩ። ፋሲካ ሲደርስ "ከክረምት በኋላ" ብዬ ጻፍኩ። ከክረምት በኋላ የአገሬ ልጆች ጠዋት በማለዳ በሬን አንኳኩ፤ አምስት ናቸው፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አያዩኝም። ምን ሊነግሩኝ እንደመጡ ወዲያው ገባኝ።

ከመካከላቸው አንዱ አባቴ ሲሞቱ አጠገባቸው ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ውሻ በጮኸ፣ የመንገደኛ ኮቴ በተሰማ ቁጥር፣ "ዝም በሉ፤ ሲሳይ ይሆናል" እያሉ ቤቱን ጸጥ ያሰኙ ነበር አለኝ።